ኪቦርዱ ዝም ያለ ጊዜ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እሑድ ከጉባኤ ያስቀረሽ ጉንፋን ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ መኖር ከተባለ። ስልኬን ስለማታነሺ ነው መጻፌ።

እሑድ ባልሽ ሰበከ። ታውቂዋለሽ፣ ስብከቱን ሊጨርስ ሲል እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ጣቶቹን ያወዛውዛል፤ ያኔ ከሥር ከሥር በቀስታ ኪቦርድ እጫወትለታለሁ። እሱ ድምፁን ሲያነሳ እኔም አነሳለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ያለቀሰው በሱ ቃል ይሁን በኔ ጣት፣ ጌታ ይወቀው።

"አንዲት እህት ነበረች" ብሎ ጀመረ። ገና ተማሪ ሳለች ወልዳ፣ ልጇን በኳየር ጋውኗ ጠቅልላ ለሕፃናት ማሳደጊያ ሰጠች አለ። ስሜንማ አልጠራም፤ ምን ጨዋ ሰው ነው! ግን ጋውኑ ሰማያዊ እንደነበር፣ አንዱ እጅጌው እንደተተረተረ ሳይቀር ተናገረ። ልጁን የጠቀለልሽው አንቺ ነሽ እኮ፣ እትዬ። ካንቺና ከኔ በቀር ያንን እጅጌ ማን አየው?

ጉባኤው ተነፋረቀ። እኔም ልማድ ክፉ ነው፣ በገዛ ገበናዬ ላይ ሙዚቃ እየጨመርኩ ነበር። እጅጌው ላይ ሲደርስ ግን እጄ ቆመ። ባልሽ ዞር ብሎ አየኝና ጣቶቹን እንደገና አወዛወዘ። ቀጠልኩ።

ኋላ ሄጄ ብጠይቀው፣ ስም እንዳልጠራ፣ አራት ሰዎችም ወደ መድረኩ ወጥተው ንስሐ እንደገቡ ነገረኝ። ደስ ይበልሽ ሁሉ አለኝ። አንቺን ግን አልፈርድብሽም ልል ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ እፈርድብሻለሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ባሌን ታውቂዋለሽ፤ ሚክሰሩ ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ሲውል፣ ስብከቱን ሳይሆን ድምፁን ነው የሚሰማው። ቤት ስንገባ፣ ኪቦርዱ ሲጠፋበት ገመዱ የተነቀለ መስሎት እንደነበር አጫወተኝ። ቢያየው አልተነቀለም። ጫማውን እየፈታ፣ ቀና ሳይል፣ "ልጁ አሁን ስንት ዓመቱ ነው?" አለኝ።

"አሥራ አራት" አልኩት።

የፈታውን ጫማ መልሶ አስሮ ወጣ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

በይ እትዬ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ጌታ ትዳርሽን ይባርክልሽ፤ ገበናሽን የምትሸፍንልሽ እህትም አያሳጣሽ። እኔማ እስከ ዛሬ ሸፍኜልሻለሁ።

ታናሽሽ