የቡሬ ግማሽ ቆዳ

ዛሬ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. በአምቦ ከተማ በመኖሪያ ቤቴ፣ እኔ አናጢውና ክራር ደርዳሪው ቀንዓ ባይሳ፣ ሳንባዬ እንጂ አእምሮዬ ሳይደክም፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ጸሐፊው አቶ አሰፋ እየጻፉ፣ አራቱ ምስክሮችም እየሰሙ የመጨረሻ ቃሌን እናዘዛለሁ።

መሬት የመንግሥት ስለሆነ አልናዘዘውም። ቤቱና በውስጡ ያለው ዕቃ የባለቤቴ የወይዘሮ ባየሽ ነው። ባየሽ ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ዘፈን ካለበት ደጃፍ አልደረሰችም፤ ሆኖም የክራሬ ሽቦ እንዳይዝግ ዘይት የምትቀባው እርሷ ነበረች። «ለመዝሙርም ይሆናል ብዬ ነው» ትላለች። አምኛት አላውቅም፤ በጣም እወዳታለሁ።

መጋዝና መላጊያዬ ለወንድሜ ለሞቱማ ይሰጡ። ስለታም ናቸው፣ እርሱ ደግሞ ችኩል ነው፤ ቀስ ይበል።

ለቀበሌያችን የኪነት ቡድን ምንም አልተውሁም። የእርሻ ዘፈኔን ለምነው ወስደው የሰልፍ ማርሽ አደረጉት። በሬ በማርሽ አርሶ አያውቅም። አቶ አሰፋ ይህ ይቅር ብለው ቢለምኑኝም ይጻፍ ብያለሁ።

አሁን ወደ ክራሩ ልምጣ። ሆዱ የዘይት ቆርቆሮ፣ ክንዶቹ የአሮጌ አልጋ እግር፣ ክሮቹ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ናቸው። ፊቱ የቡሬ ቆዳ ነው። ቡሬ፣ እነሆ በምስክሮች ወንበር ላይ ከተቀመጠው ከወዳጄ ከኦቦ ቱፋ ጋር በግማሽ የያዝነው በሬ ነበር፤ እኔ ቀንበሩን እሠራለሁ፣ ቱፋ ያርሳል። በሬው ሲሞት ቱፋ ቆዳውን ለመኝታ ጀንዲ አሰበው፣ እኔ ለክራር ፈለግሁት። ብዙ ከተከራከርን በኋላ «ውሰደው፤ ግማሹ ግን የእኔ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ተጫውቼ ሰው ባጨበጨበ ቁጥር ተነሥቶ እጅ የሚነሣው እርሱ ነው።

የእርሻ ዘፈኑም ቢሆን ቱፋ በሬውን እያባበለ ሲያርስ ያንጎራጉረው የነበረ ነው፤ እኔ ለሠርግ እንዲሆን አፈጠንሁት። ማሳው አልቆ በሬው የሚዞርበት ቦታ ላይ ስደርስ እጄን አቆማለሁ። ቱፋ ከሕዝቡ መሃል «ዴቢኢ» ብሎ ይጣራል፣ ተመለስ ማለቱ ነው፤ ያን ጊዜ እቀጥላለሁ። ዜማውን የቀዱ ብዙ ናቸው፤ ይህን ቦታ ግን ሁሉም ዘለውት ያልፋሉ።

ስለዚህ ክራሩን ለቱፋ ልናዘዝለት አስቤ ነበር። አቶ አሰፋ ግን ምስክር ከኑዛዜው እንደማይጠቀም፣ ቱፋ ክራሩን ከፈለገ ከምስክርነቱ መነሣት እንዳለበት አስረዱን። ሌላ ምስክር ከጎረቤት ይጠራ አልሁ። ቱፋ አልነሣም አለ። ያለውም እንዳለ ይጻፍ፦ «ያ ቀንዓ ኮ፣ ቀንዓዬ፣ ክራሩን የወረስኩ ዕለት አንተ ሞተሃል ማለት አይደል እንዴ? እንዲህ ያለ ውርስ ይቅርብኝ። ግማሼን ይዤ እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ከዚህ በኋላ ባየሽ ውሃ ሰጠችን።

እንግዲህ ክራሩን ጊንጪ ከተማ መምህርት ለሆነችው ለልጄ ለድንቅቱ ሰጥቻለሁ። ልጄ ሆይ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ልትሰቅዪው እንዳሰብሽ ሰምቻለሁ፤ አይሆንም። ያስተማርሁሽ እንድትጫወቺበት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ስትመጪ ለኦቦ ቱፋ ተጫወቺለት። በሬው በሚዞርበት ቦታ እጅሽን አቁሚና እስኪጣራ ጠብቂው። አርጅቶ ድምፁ ቢደክምም ጠብቂው። እርሱም ከእኔ አጠገብ የተቀበረ ጊዜ አንቺው ተጣሪ፤ በሬው ማሳ ዳር ቆሞ አይቅር።

ይህ ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ቀንዓ ባይሳ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ኤጄታ ዲንሳ (ፊርማ)
ሌታ ዳዲ (ፊርማ)
አረጋሽ ውባየሁ (ፊርማ)
ቱፋ ጉተማ፣ የግማሹ ቆዳ ባለቤት (የጣት አሻራ)

ኦቦ ቱፋ ከስማቸው ቀጥሎ ያለው ቃል ካልተጻፈ አሻራቸውን አላኖርም ስላሉ፣ ተናዛዡም እየሳቁ ስለ ፈቀዱ ጽፌዋለሁ። ጸሐፊ አሰፋ (ፊርማ)