የላክሽው መድኃኒት

ልጄ ቃልኪዳን፣ ጊዮርጊስ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጣናም ሞልቶ እስከ መንገዱ መጥቷል።

ልጅሽ ይትባረክ ባሳለው ቁጥር እንድሰጠው ብለሽ በሰው የላክሽውን አንቲባዮቲክ አልሰጠሁትም፤ አልሰጠውምም። ጤና ጣቢያ ወሰድሁት፤ ነርሷ «ጉንፋን ብቻ ነው» አለችኝ። ቋሚ ጥርሶቹ ድዱ ውስጥ ገና እየተሠሩ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ያለ ምክንያት ሲደጋገም ሽፋናቸውን ሊጎዳው እንደሚችልም ነገረችኝ። ሐኪም ካዘዘ ግን ሰዓት ጠብቄ እሰጠዋለሁ።

ጎረቤታችን አገርነሽ «የውጭ መድኃኒት ይገፋል እንዴ? በይ ለኔ ልጅ ስጪኝ!» አለችኝ። እሷንም ከለከልኋት፤ ተኮራርፈናል።

ሌላ መድኃኒት አትላኪ። ይልቅ እየሳቅሽ የተነሳሽውን ፎቶ ላኪልን፤ «የእማዬ ጥርስ እንደኔ ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ፊት ለፊት ተያይታችሁ ለመሳቅ ያብቃችሁ።

እናትሽ