የሟቹ ስም ያበራበት ካርድ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ ወገቡ እንዴት ሆነለት? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን አለፈች? ትንሹንስ ሳሉ ለቀቀው? ያ የሚያፈሰው ጣራችሁስ ተጠገነ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ማለት በእግር መቆም ከሆነ።

ባለፈው እሑድ የጎረቤታችሁ የልብስ ሰፊው ሚስት ከአገር ቤት ወደዚህ መጥታ ቤቴ ገባች። ገና ሳትቀመጥ፣ "የእማማን ነፍስ ይማር፤ ሰባት ወር እንደ ቀልድ ሄደ አይደል?" አለችኝ። የማውቅ መስሏት ነው። እኔም እንዳወቀ ሰው "አዎ፣ ጊዜው ይሮጣል" አልኳት። የእናቷን ሞት ከጎረቤት ሰማች ከምባል ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል። ከሸኘኋት በኋላ ላለቅስ ተቀመጥኩ፤ አልመጣልኝም። ደንዝዞ እንደቀረ እግር ነኝ፤ ቢወጉት አይሰማውም።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ሥራዬን ነግሬሽ አላውቅም፤ ጠይቀሽኝም አታውቂም። ቢዝነስ ካርድ ከታተመ በኋላ በማያብረቀርቅ ስስ ላስቲክ ይለበጣል። ከዚያ ስሙ ላይ ብቻ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ያርፍበትና በጨረር መብራት ይደርቃል። ቫርኒሹ የት እንደሚያርፍ ለማሽኑ የሚነግረው ፊልም የሚባል ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ነው፤ የሚያበራው ቦታ ብቻ ድፍን ጥቁር የሆነበት። ግራጫ አይሆንም፤ ማሽኑ ወይ ጥቁር ወይ ባዶ ነው የሚያውቀው። ቀጭን መስመር ካለም መወፈር አለበት፤ አለዚያ ይቆራረጣል። ዲዛይነሯ አዘጋጅታ ስትሰጠኝ፣ ከሥሩ መብራት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ፊልሙን በታተመው ካርድ ላይ ደርቤ፣ ፊደል በፊደል መግጠሙን አያለሁ። ሸብቼ ፊደል የቆጠርኩ ሴት ለዚያች ወንበር የበቃሁት አሥራ አንድ ዓመት ወለል ጠርጌ ነው።

የዚያን ቀን ሥራ የአንድ ጥርስ ሐኪም ነበር። አባትየው ሞቶ ልጁ ክሊኒኩን ስለወረሰ፣ ካርዱ ያው ሆኖ ስሙ ብቻ ይቀየራል። ዲዛይነሯ በሚታተመው ካርድ ላይ የልጁን ስም ጻፈች፤ በጥቁሩ ፊልም ላይ ግን የአባቱን ረስታ ተወችው። እኔ ለመግጠሚያ በማዕዘኖቹ ላይ ያሉትን ምልክቶች ብቻ አየሁ፤ አራቱም ገጠሙ፤ አሳለፍኩት። ስሙን አላነበብኩም። አምስት መቶ ካርድ ወጣ። ቀጥ አድርገው ሲያዩት ደህና ነው፤ ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት በልጁ ስም ላይ የሟቹ ስም ያበራል።

ሐሙስ ልጁ መጥቶ አንዱን ዘንበል አደረገና ፊቱ ጠቆረ። "አባቴን ቀብሬዋለሁ እኮ! ምነው ታወጡብኛላችሁ?" አለ። እሱስ እንኳ ቀብሯል፣ አልኩ በሆዴ። አለቃችን "እትዬ፣ ዓይንዎ የት ነበር?" አለኝ። "ዓይኔማ እዚሁ ነበር፤ ያልነበርኩት እኔ ነኝ" አልኩት። ወደ ማሸጊያው ክፍል አወረደኝ።

አንቺ ግን በየወሩ "እማዬ ሰላም ትልሻለች" እያልሽ ጽፈሻል። ድሮ ደብዳቤሽን የሚያነብልኝ ሰው ነበር፤ ያኔ ቢሆን አንባቢው ዋሸኝ እል ነበር። አሁን በገዛ ዓይኔ አነበብኩት። ለጉልበቷ ቅባት ልኬ "አሻላት፤ ትመርቅሻለች" ብለሽ መለስሽልኝ። ማን ነው የተቀባው? እንዳትደነግጪ ብለን ነው ትይኝ ይሆናል። ይኸው አልደነገጥኩም።

የሞተችበትን ቀን ጻፊልኝ። ማን አጠገቧ እንደነበረ፣ ስሜን ጠርታ እንደሆነ፣ ካልጠራችም እንዳልጠራች። እንዳታሳምሪው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ልጆቹን በየተራ ሳሚልኝ። "አይነገራት" ያለው አጎታችን መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤ እሱንም ጤና ይስጥልኝ በይው። ከዚህ ቀጥሎ የሰረዝኩት መስመር ለእማዬ የምልከው ሰላምታ ነው፤ እጄ ለምዶበት ጀምሮት ነበር።

ታላቅ እህትሽ
ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣ ከኪራይ ክፍሌ
ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን