ቀለል ያለው ደጋን

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ኮልፌ።

ነገ ከጓደኛዬ ከግርማ ጋር ወደ ወንድሙ አገር እንሄዳለን። የወንድሙን በቆሎ ከርከሮ እየጨረሰበት ነው፤ የአደን ፈቃዱም ወጥቷል። እኔ ከሰዓቱን ሙሉ መጠባበቂያ ሳሰናዳ ዋልኩ፤ ትርፍ የደጋን ጅማት፣ ትርፍ ቀስቶች፣ ቀለል ያለውን ሁለተኛውን ደጋን። አስረዋለሁ፣ መልሼ እፈታዋለሁ።

አመሻሽ ላይ ግርማ ከአስኮ መኪናውን ይዞ ዕቃ ሊጭን መጣ። ቀለል ያለውን ደጋን አንስቶ ሳብ አደረገና፣ «ይሄ ለማን ነው?» አለኝ።

«ለመጠባበቂያ ነዋ።»

ትልቁን አቀበለኝ። «እስቲ ይሄን ሳበው።»

ከግማሽ በላይ አልመጣልኝም። ትከሻዬን እንደ እሳት ለበለበኝ። ክረምቱን ሙሉ ለማንም ሳልናገር ችዬው ነበር።

«በዚህ ቀላል ደጋን የተወጋ ከርከሮ አይሞትም» አለ። «ቆስሎ ነው የሚዞርብን።»

ተቆጣሁ። እሱም ምንም ሳይጭን ሄደ።

ብቻዬን ስቀር ግቢው ውስጥ ተንቆራጠጥኩ። እውነቱን ነው። በእኔ ላይ ብቻ ቢዞር ግድ አልነበረኝም፤ አጠገቤ የሚቆመው ግን እሱ ነው። ደወልኩለት።

«ግርሜ፣ እመጣለሁ፤ ቀስት ግን አልወረውርም። ሁለቱንም ደጋን አንተ ያዛቸው።»

«እሺ» አለ ወዲያው።

ትንሽ እንኳ ቢከራከረኝ ምን ነበረበት?