ከምሰሶው ጀርባ ያለው አልተቆጠረም

ውድ አባዬ፣

ሃያ ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፤ ሃያ ሦስቱንም አላነሳህም። «ይሄንንም ቆጠረችው!» ብለህ እህቴ ቤት ሶፋው ላይ ስትበሳጭ ይታየኛል። ምን ላድርግ፣ ልጅህ ቆጣሪ ናት። የተጻፈ ነገር ግን ሳታነብ እንደማትጥል አውቃለሁ። የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ እንኳ እስከ መጨረሻ የምታነብ ሰው ነህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

አባዬ፣ አጥፍቻለሁ። ከየት እንደሚጀመር ስለማላውቅ ነው እንዲህ ዱብ ያደረግኩት።

አንተ የቅርጫት ኳስ ክለቡ አሰልጣኝ፣ እኔ ቁጥር ያዥ ሆነን የሠራንባቸውን ሁለት ዓመታት አስባቸዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ የጀመርነውን ጭቅጭቅ እራት ላይ እንጨርሰዋለን። አንተ «ተጫዋች በዓይን ነው የሚታወቀው» ትላለህ፤ እኔ «ዓይን የወደደውን ነው የሚያየው» እላለሁ። እማዬ ደግሞ «ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ፣ እስቲ እሱንም ቁጠሩት!» ትለናለች። ከሩቅ መወርወር ላንተ ቁማር ነበር። ከጥግ የምንወረውረው ባለ ሦስት ነጥብ እንደሚያዋጣን በቁጥር ሳሳይህ ስንት ቀን አኮረፍከኝ! ከዚያ እያጉረመረምክ ፈቀድክ፣ ስድስት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን። አንድ ቃል ሳትተነፍስ አዲስ የላፕቶፕ ቦርሳ ገዝተህ አልጋዬ ላይ አስቀመጥክልኝ። ዛሬም እሱኑ ነው የምይዘው።

ያኔ ነው ልቤ ያበጠው። እውነቱን ልንገርህ፣ ከዚያ ወዲያ የማልሳሳት መሰለኝ።

ለዚያ ተከላካያችን ያወጣህለት «መዝጊያው» የሚል ቅጽል ስም ራሱ ሥራውን ይናገር ነበር። ተጋጣሚን በጀርባው ገፍቶ ከቅርጫቱ ሥር ይዘጋዋል፣ ተመልሳ የምትወርደዋን ኳስ ሌላው የቡድን ጓደኛው ይለቅማል። እኔ የምቆጥረው የለቀመውን ነው። ካሜራዬም ሰገነቱ ላይ ታስራ ነበር፤ ያ ወፍራም ምሰሶ ደግሞ የቀኙን ቅርጫት ሥር ይጋርዳል። ከእረፍት በኋላ የምንከላከለው ያንኑ ቅርጫት ነው። እኔ ይህን አላውቅም አልልህም፤ አውቅ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ «ማንን እንቀንስ?» ብሎ ሪፖርት ሲያዘኝ፣ ግርጌው ላይ «ከምሰሶው ጀርባ ያለው አልተቆጠረም» የምትል መስመር ጽፌ ነበር። መስመሯ ወደ ሁለተኛ ገጽ አለፈች። እሱ ደግሞ ከአንድ ገጽ በላይ አያነብም። አጠፋኋት። ገጹ ሲያምርብኝ ደስ አለኝ፣ አባዬ። በአንዲት መስመር የሰው እንጀራ እየዘጋሁ እንደሆነ አልታየኝም። ላንተም ሳላሳይህ ሰጠሁት፤ እንደምትከራከረኝ ስለማውቅ።

ስብሰባው ላይ ሪፖርቱ ሲነበብ፣ የመዝጊያው ስም ከሁሉም ግርጌ ሲጠራ፣ አንተ ሥራ አስኪያጁን አላየኸውም፤ እኔን ነው ያየኸኝ። ፊሽካህን ከአንገትህ አውልቀህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና ወጣህ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መዝጊያው በዚያው ሳምንት ተሰናበተ፤ አንተም «እህትሽን ለአንድ ሳምንት ልያት» ብለህ ሄድክ። ይኸው አራተኛ ወርህ ነው። እማዬ አሁንም ሦስት ሰሃን ታወጣና አንዱን ትመልሳለች።

ባለፈው ወር ሰገነቱ ቀለም ሊቀባ ተዘጋና ከምሰሶው ማዶ፣ ታች ተቀመጥኩ። በመዝጊያው ቦታ የገባው ልጅ ዘሎ ኳስ ይይዛል፤ በእኔ ሠንጠረዥ ከእሱ በብዙ ይበልጣል። ከእረፍት በኋላ ግን የተጋጣሚዎቻችን ረጅሙ ሰውዬ ያለ ከልካይ እየገባ ኳሷን ደጋግሞ ወሰደ። የሚዘጋው አልነበረም። እርሳሱ እጄ ላይ ቀረ። መዝጊያው ሁለት ዓመት ሙሉ ከምሰሶው ጀርባ ምን ይሠራ እንደነበር ያየሁት በሌለበት ቀን ነው።

በማግስቱ ፈልጌ አገኘሁት። ጎማ ቤት ይሠራል። እጁ በግሪስ ጠቁሮ ስለነበር ክንዱን ዘረጋልኝ፣ እሱን ጨበጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ያጠፋኋትን መስመርም ጭምር። ክንዱን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝና፣

«ላሰልጣኙ ነግረሽዋል?» አለኝ።

«ስልኬን አያነሳም።»

«በይ ስሚኝ፤ እኔ ሥራ ነው ያጣሁት፣ ሥራ ይገኛል። እሱን ያናደደው የእኔ መባረር ይመስልሻል? የገዛ ልጁ ከጀርባው መሄዷ እኮ ነው!»

መንገድ ላይ እያለቀስኩ ሄድኩ፤ ያየኝ ይየኝ ብዬ።

ከዚያ ሪፖርቱን እንደገና ጻፍኩት። ያችን መስመር ከላይ፣ ከርዕሱ ቀጥሎ አስገባኋት። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ «ይቺ ባለፈው ነበረች እንዴ?» አለኝ። «ነበረች፤ እኔ ነኝ ያጠፋኋት» አልኩት። ያባርረኛል ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ነበር። ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። መዝጊያው ግን ከሰኞ ጀምሮ ልምምድ ላይ ነው። አንተን በተመለከተ «ራሱ ይምጣና እንነጋገር» ብሏል፤ ከዚህ በላይ ቃል ልገባልህ አልችልም።

ቁጥርን አልተውኩም፣ አባዬ። አንተም እንድተወው የምትፈልግ አይመስለኝም። ግን ቁጥሩ የቆመበት ቦታ አለው፤ እኔ የቆምኩበትን ደብቄ ነው ልክ ነኝ ያልኩት። ይህን ላንተ ፊት ለፊት ማለት ነበረብኝ። ይቅር በለኝ።

ቅዳሜ ጨዋታ አለ። ከምሰሶው ማዶ ሁለት ወንበር ይዣለሁ። እኔ የለቀመውን እቆጥራለሁ፣ አንተ የዘጋውን ንገረኝ። ስትሳሳት ግን ዝም አልልህም፣ ከአሁኑ እወቀው። ፊሽካህም ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

ባትመጣ ደግሞ ጨዋታው እንዳለቀ ሃያ አራተኛውን እደውላለሁ።

ያንተው ቆጣሪ