ሰናይት የምትይዝልኝ ወንበር

ማክሰኞ ጥቅምት 11፣ ባዕብዳ፣ ሊባኖስ

የማዳሜ ልጅ ሪታ ዛሬም ክላስ ፎረፈች። ማዳም ስትወጣ «ቀስቅሻት፣ እንዲህ እየቀረች ትወድቃለች» ብላኝ ነበር። ቀሰቀስኳት። «ኸላስ፣ በቃ ወይኒ! የክላሱን ሪከርድ ይለቁልናል» ብላ ተከናነበች። ባለፈው ሴሚስተር ሳትሄድ ጥሩ ውጤት አምጥታለች፤ ምን ልበላት?

ረፋዱ ላይ የተቀዳውን ሌክቸር ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ ሻወር ገባች። እኔ እዚያው ልብስ እተኩሳለሁ። ከመምህሩ ድምፅ ኋላ ወንበር ሲጎተት፣ ተማሪዎች ሲስቁ ይሰማል። ካውያውን አቁሜ አዳመጥኩ።

እኛም ዩኒቨርሲቲ ሃንድአውት ብቻ አንብቦ ኤ የሚያመጣ ሞልቶ ነበር። እኔ ግን አልቀርም። የዶርም ጓደኛዬ ሰናይት ቀድማኝ ገብታ ሻርፗን አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ታስቀምጥልኛለች። ሰው ሊቀመጥ ሲል «ተይዟል፣ እየመጣች ነው» ትላለች።

ሪታ ፀጉሯን እያደራረቀች መጣች። «ቁም ነገር ተናገረ እንዴ?»

«ተማሪዎቹ ሳቁ» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ እንደሄድኩ፣ ለሰናይት እንኳ ሳልነግራት በዚያው ወደ ቤይሩት መጣሁ። ክላስ ሲጀመር ሰናይት ለስንት ቀን «እየመጣች ነው» ስትል ቆይታ ይሆን?