የመረረው ጠበል

ኅዳር 2 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ጧት 1 ሰዓት

ዛሬም ከት/ቤት በፊት ጠበል ቀድቼ መጣሁ። የአገራችን የቆሰበር ውርጭ ጣት ይቆርጣል። ሚስቴ አለምነሽ እንደ ትናንቱ ናት። ትንቀጠቀጣለች፣ ያልባታል፣ እንደገና ትንቀጠቀጣለች። ቆላ ወርዳ የአጎቷን ልቅሶ ደርሳ ይዛው የመጣችው ወባ ነው። የዳንግላው ጤና ጣቢያ ድሬሰር የሦስት ቀን ክኒን ሰጥቷታል። አልውጥም አለች። ጠበል የጀመረ ሰው መድኃኒት አይቀምስም ባይ ናት። ለመንኩ። ተቆጣሁ። ሳይንስ አስተማርኳት (ለሚስት ሳይንስ!)። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ። የዛሬውን ክኒን ወቅጬ በጣሳው ጠበል ውስጥ በጠበጥኩት። ቀመስኩት። ሬት ነው። ጨክኜ አጠጣኋት።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ጠበሉ መረረኝ አለች። እኔ ዝም። የሁለተኛውንም ቀን በጥብጬ ሰጠሁ። ዝም ማለት ውሸት ነው? አራተኛ ክፍል ፊት ቆሜ እውነት አንድ ናት፣ ሁለት የላትም እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ልጆቹን ሒሳብ አሠርቼ ለቀቅኩ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ

ትኩሳቱ ጋብ ብሏል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አለምነሽ ግን ስታለቅስ ዋለች። ጠበል የሚመረው ኃጢአቱን ለደበቀ ነው ይባላል በአገሩ። እሷን ሦስት ጧት መረራት። እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ሰው!

የነፍስ አባቷን አስጠርታ ተናዘዘች። ከዚያ ለእኔም ነገረችኝ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ገና ሳንጋባ፣ አባቷ ሲሞቱ መሬቱን ለእኔ ብቻ ነው ያወረሱት ብላ በቅ/ሚካኤል ደጅ በሐሰት ምላለች። ታላቅ እኅቷ የሺ ባዶ እጇን ግምጃ ቤት ወደምትባል ከተማ ሄደች። የምንበላው ገብስ፣ የምንበላው ድንች ሁሉ ከዚያ መሬት ነው። እኔም አብሬ በላሁ።

እኔ አታለልኩ፣ እውነት ወጣች። ይህን በየትኛው ትምህርት ላስረዳ?

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ክኒኑ አልቋል። ጠበሉን ብቻ ሰጠኋት። ጠጣች። ዓይኗን ጨፈነች። ጣፈጠኝ አለች፤ እግዜር ታረቀኝ፣ ይቅር አለኝ እያለች ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዘመኔ! ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጣሳውን ይዤ ወጣሁ።

መሬቱን ለእኅቷ ልትመልስ ነው። ልጆቻችንስ ምን ይበላሉ አላልኩም። በምን አፌ?

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ለየሺ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። ጠበሉ መሰከረብኝ ብለህ ጻፍልኝ አለች። ጻፍኩ። እጄ ሲጽፍ አላፈረም። ወደ ግምጃ ቤት ለሚወርድ ነጋዴ ሰጠሁት።

አለምነሽ ዛሬ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ተመለሰች። ጎረቤት ሁሉ እልል አለላት። እኔ ብቻ እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ ቆሜያለሁ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት

የሺ መጣች። ቀጭን፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ የማትስቅ ሴት። ሁለት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኅትማማቾቹ በአገውኛ ተነጋገሩ። አለምነሽ ጠበሉ እንዴት እንደ መረራት፣ ስትናዘዝ እንዴት እንደ ጣፈጣት ሁሉንም ተናገረች። እግሯ ላይ ወደቀች።

የሺ አላነሣቻትም። መሬቱን ትቀበላለች፤ ይቅርታውን ግን አትሰጥም። በእግዜር ደጅ የዋሸ አፍ ዛሬስ በምን ይታመናል አለች። ሽማግሌዎቹ ለመኑ። ወይ ፍንክች። ከዚያ በአማርኛ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፣ አይዋሹም። ያጠጧትም እርስዎ ነዎት። እውነት መረራት? አዎ ካሉኝ አነሣታለሁ።»

ሁሉም አየኝ። አለምነሽ ከመሬት ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አልፈራችም፣ እንደምመሰክርላት እርግጠኛ ናት። ነገ ከቅዳሴ በኋላ በቅ/ሚካኤል ደጅ መልሴን እሰጣለሁ አልኩ። ፈሪ! ሌላ ምን ልበል?

ክኒን ነበር ብል አለምነሽን የእግዜርን ይቅርታ እነጥቃታለሁ፤ የሺም ተጫወታችሁብኝ ብላ ትሄዳለች፣ እስከ ሞት አይገናኙም። ክኒኑን ደብቄ መረራት ብል እሷ በሐሰት በማለችበት ደጅ እኔ ሐሰት ልደግም ነው። የማማክረው ሰው የለም። እግዜርን እንዳላማክር ጠበሉን የበጠበጥኩበት እኔው ነኝ።

ማታ 2 ሰዓት

ቆርጫለሁ። «መሮ ነበር፣ ራሴ ቀምሼዋለሁ» እላለሁ። ከዚህ ቃል ሐሰት የቱ ነው? አንዱም። የሺ ታነሣታለች፣ ይላቀሳሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። እሷንስ እኅቷ ታነሣታለች። እኔን ግን ማን ያነሣኛል?